ቶዮታ 86ን ዝቅ ማድረግና የጎማ ስፔሰር መግጠም፦ ከመጀመሪያው ልኬት እስከ መጨረሻው ማጥበቂያ

ከቶዮታ 86 እና ከመንትያው ከሱባሩ ቢአርዜድ ባለቤቶች በብዛት የሚቀርብልኝ ጥያቄ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ስለሚታየው ክፍተት ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ በዚያ ክፍተት ውስጥ ጣቶች ተደርድረው ይገባሉ፤ ጎማውም ከፓራፋንጎው ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቆማል። ባለቤቱ መኪናውን 3 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ማድረግና ጎማውን በስፔሰር፣ ማለትም ከጎማው ጀርባ በሚገባ ክብ ብረት፣ ወደ ውጭ ማውጣት ይፈልጋል፤ ዕቃውንም ብዙ ጊዜ ሊያማክረኝ ከመምጣቱ በፊት ገዝቶታል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ዕቃው ከመገዛቱ በፊት እንዲነበብ ነው፤ ምክንያቱም ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው መፍቻ በተያዘበት ሰዓት ሳይሆን ሳይለካ በተገዛበት ቀን ነው።

ምሳሌ የማደርገው እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበውን የመጀመሪያውን ትውልድ ነው። ይህ መኪና ከፊት ሾኩና ሞላው አንድ ላይ የታሰሩበት ስትራት አለው፤ ከኋላ ደግሞ ጎማው በበርካታ ብራቾዎች (ጎማውን ከሰውነቱ ጋር በሚያያይዙ የብረት ክንዶች) ተይዞ ሾክና ሞላው በታችኛው ብራቾ ላይ ያርፋሉ። የጎማው ቡሎኖች አምስት ሲሆኑ በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ ተደርድረዋል፤ የሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) የመሐል እምብርት 56.1 ሚሊሜትር ነው፤ የቡሎኑ ውፍረት 12 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊሜትር ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። መኪናው የቶዮታ ስም ቢኖረውም ጥርሱ የሱባሩ ስለሆነ፣ ጥርሱ 1.5 የሆነው የኮሮላ ዳዶ በትክክል አይገባለትም። በግድ የጠበቀ ዳዶ ሁለቱንም ጥርሶች ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ያ ቡሎን ጎማ ይይዛል ተብሎ ሊታመን አይችልም።

ዝቅ ማለቱ የሚያስገኘውና የሚያስከፍለው

በመጀመሪያ ጥቅሙን በቁጥር እንየው። የመኪናው ክብደት 1240 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 460 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ከፊት 1520፣ ከኋላ 1540 ሚሊሜትር ነው። መኪናው ጎኑን የሚገፋው ኃይል ከራሱ ክብደት ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ በፍጥነት ሲታጠፍ፣ ከውስጠኞቹ ጎማዎች ተነሥቶ ወደ ውጨኞቹ የሚዛወረው ጭነት ክብደቱን በማዕከሉ ከፍታ አባዝቶ ለስፋቱ በማካፈል ይገኛል፤ ውጤቱም 373 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የክብደቱን ማዕከል 25 ሚሊሜትር ብናወርደው ይህ ጭነት ወደ 352 ይቀንሳል። በዚህ ላይ በእያንዳንዱ ጎማ 10 ሚሊሜትር ስፔሰር ብንጨምር 348 ይደርሳል። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ላይ የሚያስገኙት ለውጥ ከመቶ ሰባት አይሞላም ማለት ነው፤ ጎማዎቹና ፍሬኖቹ ከሰውነቱ ጋር ስለማይወርዱ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ጥቂት ያንሳል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ መሪው ሲዞር የመኪናው አፍንጫ ፈጥኖ እንደሚታዘዝ ነጂው ይሰማዋል። ነገር ግን ከመቶ ሰባት የማይሞላ ጥቅም ለማግኘት ምን ያህል መክፈል እንደሚገባ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

የሚከፈለው ዋጋ የሾኩ ጉዞ ነው። መኪናው ጉድጓድ ወይም ጉብታ ሲያገኝ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ርቀት ውሱን ነው፤ በዚያ ርቀት መጨረሻ ላይ ሾኩ ከላስቲክ መቆሚያው ጋር ይገናኛል። መኪናው በቆመበት ይህ ርቀት ለምሳሌ 60 ሚሊሜትር ቢሆንና መኪናውን በ30 ብናወርደው ግማሹ ተበልቷል። ያው ጉብታ የሚመጣው በያው ኃይል ነው፤ በግማሽ ርቀት ውስጥ ሊቆም የሚችለው ሞላው በዚያው ልክ ሲጠነክር ብቻ ነው። ሞላው ካልጠነከረ መኪናው በመታጠፊያ መካከል በላስቲክ መቆሚያው ላይ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ያ ጎማ ሞላ እንደሌለው ይቆጠራል፤ መንገዱንም በድንገት ይለቃል። ለብዙዎች «ስፖርት» የሚመስላቸው ንዝረትና ድንጉጥነት መኪናው በዚህ ላስቲክ ላይ ሲሄድ የሚሰማ ነው።

ከፊት ያለው ስትራት ሌላ ጠባይ ደግሞ አለው። በመታጠፊያ ላይ መኪናው የሚያጋድልበት የማይታይ ነጥብ አለ፤ የዚህ ነጥብ ከፍታ የሚወሰነው በታችኛው ብራቾ ማዘንበል ነው። ብራቾው ከመኪናው መሐል ወደ ጎማው ሲሄድ ወደ ታች እስካዘነበለ ድረስ ነጥቡ በመልካም ቦታ ላይ ነው። መኪናው ሲወርድ የብራቾው የውስጥ ጫፍ አብሮ ይወርዳል፤ የውጨኛው ግን ጎማው ባለበት ስለሚቆይ ብራቾው አግድም ይሆናል፤ ይበልጥ ሲወርድም ወደ ላይ ያዘነብላል። ያ የማይታየው ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል ይልቅ በፍጥነት ወደ ታች ይሸሻል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚሰፋም ሰውነቱን የሚያጋድለው ጉልበት ይጨምራል። ስለዚህ በመጠኑ የወረደ መኪና ከቀድሞው ያነሰ ቢያጋድልም፣ እጅግ የወረደው ግን ሞላው እጅግ ካልጠነከረ በስተቀር ከፋብሪካው ከፍታ የባሰ ሊያጋድል ይችላል። በእኔ አስተያየት በተራ መንገድ ለሚነዳ 86 ተገቢው ልክ ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ነው፤ 30ን ላለፈ ሰው የብራቾውን መገጣጠሚያ ወደ ታች የሚያወርድ ዕቃ ሳይጨምር ሥራው ተፈጽሟል ብዬ አላስረክብም።

ሞላ መቁረጥን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው፤ አይቆረጥ። በአገር ቤት ጋራዦችም ሆነ እዚህ አሜሪካ በየጓሮው በግራይንደር ከሞላው ላይ አንድ ዙር የሚቆርጡ፣ ከዚያም አልፈው በእሳት አግለው የሚያስተኙ አሉ። ብረቱ በእሳት ሲግል በፋብሪካ የተሰጠውን የሙቀት ሕክምና ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይተኛል ወይም ይሰበራል። የተቆረጠው ደግሞ ጫፉ በመቀመጫው ደረጃ ላይ አይገጥምም፤ መኪናው በክሪክ ሲነሣ ወይም ጎማው በጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው ልል ሆኖ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። የሚቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው፦ የፋብሪካውን ሾክ ይዞ ለመኪናው ተብሎ የተሠራ አጭርና ጠንካራ ሞላ መግጠም፣ ወይም ኮይልኦቨር የሚባለውን፣ ቁመቱ የሚስተካከል ሾክ ከነሞላው መግዛት። ኮይልኦቨር የሚገዛ ሰው ከታችኛው መያዣ የሚስተካከለውን ይምረጥ። በዚህ ዓይነቱ የሾኩ አካል ወደ መያዣው እየገባና እየወጣ ከፍታው ስለሚለወጥ የሾኩ ጉዞ አይቀነስም፤ የሞላው መቀመጫ ብቻ የሚወርድበት ርካሹ ዓይነት ግን ከፍታን የሚቀንሰው ጉዞን በመብላት ነው። የፋብሪካውን ሾክ የሚያቆይ ሰው ደግሞ ሾኩ ከ80 ሺህ ኪሎሜትር በላይ ሄዶ ከሆነ አብሮ ይቀይረው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሁሉንም ከመፍታት ይቆጥባል።

ስፔሰሩን ከመግዛት በፊት የሚደረግ ልኬት

ከፋብሪካ የሚመጣው 17 ኢንች ቸርኬ 7 ኢንች ስፋት አለው፤ ኦፍሴቱም 48 ነው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ሞዞውን የሚነካበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መካከል ወደ ውጭ የራቀበት ልክ ነው፤ ቁጥሩ በበለጠ መጠን ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል። 15 ሚሊሜትር ስፔሰር ሲገባ ኦፍሴቱ 33 እንደሆነ ይቆጠራል፤ ጎማውም በዚያው ልክ ወደ ውጭ ይወጣል። አዲስ ቸርኬ ሊገዛ ያሰበ ሰው ስፔሰር አያስፈልገውም፤ ትክክለኛውን ኦፍሴት ይዞ የተሠራ ቸርኬ ሁልጊዜ ይበልጣል። ለምሳሌ 8 ኢንች ስፋትና 40 ኦፍሴት ያለው ቸርኬ የውጨኛውን ጠርዝ 21 ሚሊሜትር ያህል ያወጣዋል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ግን 5 ያህል ብቻ ነው። ስፔሰር ተገቢ የሚሆነው የፋብሪካውን ቸርኬ ለማቆየት ለሚፈልግ፣ ወይም ሰፊ የፍሬን ካሊፐር ገጥሞ ቸርኬው ጥቂት እንዲርቅለት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ልኬቱ የሚጀምረው ዝቅ ማድረጉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም መኪናው ሲወርድ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ቀድሞ የተወሰደ ልክ ዋጋ የለውም። መኪናው በደልዳላ ወለል ላይ ቆሞ፣ ቱንቢ ከፓራፋንጎው ጠርዝ በሞዞው መሐል ትይዩ ይንጠልጠል። ከክሩ እስከ ጎማው ጎን ያለው ርቀት ከላይም፣ ከመካከልም፣ ከታችም ይለካና ይጻፍ። ቱንቢው የሚነግረን ግን መኪናው ቆሞ ሳለ ያለውን መልክ ብቻ ነው፤ የሚበልጠው ጥያቄ ጎማው ወደ ላይ ሲሄድ ምን ይነካል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ አስተማማኙ መልስ ሞላው ከስትራቱ ወጥቶ ሳለ የሚደረግ ሙከራ ነው። ሾኩ ያለ ሞላ ከነላስቲክ መቆሚያው በቦታው ይገጠማል፤ ጎማውም ለመግዛት የታሰበውን ስፔሰር በሚያህል ውፍረት ባለው ነገር ተደግፎ ይታሰራል። መኪናው በካቫሌቶ (መኪና በሚሸከም የብረት መቆሚያ) ላይ ተቀምጦ ጎማው ከሥሩ በክሪክ ቀስ እያለ ይነሣል፤ ሾኩ ላስቲኩን ጥቂት እስኪጨምቅ ድረስ ይቀጥላል። በዚያ ቦታ ላይ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። በጎማውና በፓራፋንጎው ጠርዝ፣ በውስጠኛው ፕላስቲክ፣ በሾኩ አካልና በፍሬን ቱቦው መካከል ያለው ክፍተት በጣት እየተዳሰሰ ይለካል። በየትኛውም ቦታ ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት ካለ ስፔሰሩ ወፍራም ነው ማለት ነው፤ በብራቾዎቹ ጫፍ ያሉት የላስቲክ ጎሚኒዎች በጭነት ሲታጠፉ ያን ያህል ይበላሉና። ይህ ሙከራ ለአንድ ጎማ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከሁሉም ሥራ ይልቅ አጥብቄ የምለምነው ይህንን ነው፤ ፓራፋንጎው ጎማውን የቆረጠበትን መኪና በአውራ ጎዳና ዳር ቆሞ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ያወጣው ልኬት የቆመ መኪና ልኬት ነበር።

ስፔሰሩ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቡሎኖቹ ላይ ተሰክቶ በቸርኬውና በሞዞው መካከል የሚጨመቅ ቀጭን ክብ ነው። ሁለተኛው ወፍራም ሆኖ በመኪናው ቡሎኖች ላይ በራሱ ዳዶ ይታሰራል፤ ቸርኬው ደግሞ በስፔሰሩ ላይ በተተከሉት ሌሎች ቡሎኖች ይታሰራል። በቀጭኑ ዓይነት ላይ ሒሳቡ የሚጠራው በጥርስ ነው። ዳዶው ቡሎኑን ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል ሊይዝ ይገባል፤ ያም በዚህ መኪና 12 ሚሊሜትር፣ በዙር ሲቆጠር ከዘጠኝ ተኩል በላይ ነው። 5 ሚሊሜትር ስፔሰር ከዚህ አራት ዙር ይወስዳል፤ 10 ሚሊሜትር ደግሞ ስምንት ዙር ይወስዳል። ስለዚህ ከስፔሰሩ በፊትና በኋላ ዳዶው በእጅ ስንት ዙር እንደሚዞር መቁጠር ግዴታ ነው፤ ከአሥር ዙር በታች ከሆነ የፋብሪካው ቡሎን በረጅም ቡሎን መቀየር አለበት። ሲቀየር አሮጌው ተገፍቶ ይወጣል፤ አዲሱ በሮንዴላና በዳዶ ቀስ እየተሳበ ይገባል። ኩሽኔታው (ሞዞው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) በውስጥ እያለ ሞዞውን በከባድ መዶሻ መምታት ኩሽኔታውን ስለሚጎዳ አይመከርም።

ቡሎን ያለው ወፍራሙ ስፔሰር የሚያመቸው ከ20 ሚሊሜትር ጀምሮ ነው፤ ከዚያ ካነሰ የመኪናው ቡሎን ጫፍ በስፔሰሩ ፊት ወጥቶ ቸርኬው እንዳይገጥም ያደርጋል። አንዳንድ ቸርኬ በጀርባው በቡሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ጎድጓዳ ስላለው ይህን ይሸፍናል፤ ቸርኬውን ገልብጦ ማየት ነው። በሁለቱም ዓይነት ስፔሰሩ በ56.1 ሚሊሜትር እምብርቱ ላይ በትክክል መቀመጥ አለበት፤ ወፍራሙ ደግሞ ቸርኬውን የሚሸከም የራሱ እምብርት ሊኖረው ይገባል። እምብርት የሌለው ስፔሰር ቸርኬው መሐሉን ስቶ እንዲታሰር ስለሚፈቅድ መሪው ከ90 ኪሎሜትር በሰዓት በላይ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ንቅጥቃጤ የጎማ ባላንስ አያጠፋውም። ዕቃው ከ6061 ወይም ከዚያ ከጠነከረ አሉሚኒየም ተፈልፍሎ የተሠራ ይሁን፤ በሻጋታ የፈሰሰ ርካሽ ስፔሰር ከውስጡ አረፋ ሊኖረው ስለሚችል መግዛት የለብንም።

ስለ መሪው አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ከፊት የሚገባ ስፔሰር ጎማው መሬት የሚነካበትን ቦታ መሪው ከሚዞርበት መሥመር ወደ ውጭ ያርቀዋል። ስለዚህ አንዱ ጎማ በእርጥብ፣ ሌላው በደረቅ መንገድ ላይ ሳለ ፍሬን ሲያዝ መሪው ከእጅ ይጎተታል፤ ጉድጓድም በመሪው ላይ ይበልጥ ይሰማል። ኩሽኔታውም በረጅም ክንድ ስለሚጫነው ዕድሜው ያጥራል። በዚህ ምክንያት ከፊት ከ10 ሚሊሜትር፣ ከኋላ ከ20 ማለፍን አልመክርም።

ሥራው

ለሥራው ሁለት ጥሩ ካቫሌቶዎች ያሉት ደልዳላ ወለል፣ የወለል ክሪክ፣ የሞላ መጭመቂያ፣ ልኩ የተረጋገጠ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ)፣ ብሩጎላ፣ የብረት ብሩሽና የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ያስፈልጋሉ። ከጎማው ዳዶ በቀር የእያንዳንዱ ቡሎን የማጥበቂያ ቁጥር ለምርት ዘመኑ ከወጣው መጽሐፍ ይወሰድ። አንዴ ተጠብቀው ዳግም እንዳይገቡ መጽሐፉ የሚያዝዛቸው ዳዶዎች አሉ፤ እነርሱ አስቀድመው ይገዙ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሰው ከሥሩ አይግባ፤ ይህን የምጽፈው ቸል ሲባል ስላየሁ ነው።

ከፊት ሲጀመር፣ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው ከስትራቱ ላይ ይፈታሉ፤ የስታቢላይዘሩ (መኪናው እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ) ሊንክም ይለያል። ስትራቱን ሞዞውን ከተሸከመው ብረት ጋር የሚያያይዙት ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች ከመፈታታቸው በፊት መገጣጠሚያው ዙሪያውን በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ መኪናው ወደ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) በሚሄድበት መንገድ ላይ ጎማው ከነበረበት እጅግ እንዳይርቅ ይረዳል። ሞዞው በሽቦ ታስሮ ይደገፍ፤ ክብደቱ በፍሬን ቱቦው ላይ እንዳይንጠለጠል። ከዚያ በኮፋኖው ሥር ያሉት ሦስት ዳዶዎች ተፈትተው ስትራቱ ይወጣል። የመሐለኛው ትልቁ ዳዶ ግን በዚህ ጊዜ አይነካ። ሞላው በውስጥ እንደተጨመቀ ስለሆነ ያን ዳዶ የሚፈታ ሰው የስትራቱን አናት ከነሙሉ ጉልበቱ ይለቅበታል።

ሞላው የሚጨመቀው በሁለት መጭመቂያ ነው፤ አንዱ ከሌላው ትይዩ በተቃራኒ ጎን ይያዛል፤ ጥቂት ጥቂት ዙር እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። ሞላው በመቀመጫው ላይ በእጅ ሲንቀሳቀስ የላይኛው ዳዶ ይፈታል፤ ፊትም እጅም በስትራቱ አናት ትይዩ መሆን የለበትም። ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር በብሩጎላ ተይዞ በእጅ መፍቻ ይፈታ፤ የአየር ሽጉጥ ዘንጉን በፍጥነት ስለሚያሽከረክር የሾኩን የላስቲክ ማኅተም ይጎዳል። አዲሱ ሞላ ሲገባ የታችኛው ጫፍ በመቀመጫው ደረጃ ላይ ተደግፎ መቀመጡ በዓይን ይታይ። የሞላው አምራች ላስቲክ መቆሚያው ይጠር ካለ ባዘዘው ልክ ብቻ ይቆረጥ፤ ካላለ አይነካ።

ከኋላ ሥራው ይቀላል። በዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው የጎን መሸፈኛ ሲገለጥ የላይኞቹ ዳዶዎች ይገኛሉ፤ ከታች ሾኩን ከብራቾው ጋር የሚያስረው ቡሎንና የስታቢላይዘሩ ሊንክ ይፈታሉ፤ ሞዞው በእጅ ወደ ታች ሲገፋ ሾኩ ከነሞላው ይወጣል። የቀረው ከፊተኛው ጋር አንድ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር ደርሰናል፤ እኔም በመጀመሪያ ሥራዬ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። በብራቾዎቹ ጫፍ ያሉት ጎሚኒዎች ከውስጥና ከውጭ ከብረት ጋር የተጣበቁ ናቸው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ብረት በቦታው ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ብራቾው የሚንቀሳቀሰው ላስቲኩን በመጠምዘዝ ነው። ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑን ያጠበቀ ሰው መኪናው ወደ መሬት ሲወርድ ጎሚኒውን ለዘወትር ጠምዝዞ ይተወዋል። መኪናው ከታሰበው ከፍታ በላይ ይቆማል፤ ሞላው ሳይሆን የተጠመዘዘው ላስቲክ እየተሸከመው ነው። የእኔ መኪና የኋላ ጎሚኒዎች በዓመት ውስጥ ተቀደዱ። ትክክለኛው መንገድ ጎሚኒ ያለባቸውን ቡሎኖች፣ ያልወጡትን የብራቾ የውስጥ ቡሎኖች ጭምር፣ ላላ አድርጎ መኪናውን ማውረድ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ማንቀሳቀስ፣ ከዚያም ክብደቱ በጎማዎቹ ላይ እንዳለ በመጽሐፉ ቁጥር ማጥበቅ ነው። ለዚህ መኪናው በመወጣጫ ወይም በጉድጓድ ላይ መቆም ይኖርበታል። ይህ የሌለው ሰው እያንዳንዱን ጎማ ከሞዞው ሥር በክሪክ ያንሣ፤ ከሞዞው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት በቆመበት ከሚኖረው ጋር ሲተካከል ያጥብቅ።

ስፔሰሩ የሚገጠመው ከዚህ በኋላ ነው። የሞዞው ፊትና የዲስኩ ፊት በብረት ብሩሽ እስኪያበራ ይጽዳ፤ በስፔሰሩ ሥር የቀረ ዝገት በቸርኬው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ወደሚታይ መወላገድ ይለወጣል፤ ዝገቱ ሲፈርስም ዳዶው ይላላል። በእምብርቱ ዙሪያ ብቻ ስስ ግሪስ ይቀባ፤ ጥርሱ ላይ ምንም አይቀባ፤ ቅባት ያለው ጥርስ በያው ቶርክ ቡሎኑን ከሚገባው በላይ ይስበዋልና። ዳዶው እንደ ቸርኬው መቀመጫ ሾጣጣ መሆኑ ይረጋገጥ። ሁሉም በእጅ ከገቡ በኋላ አንዱን እየዘለሉ በኮከብ ቅርጽ፣ በመጀመሪያ 40፣ ቀጥሎ 80፣ በመጨረሻ 120 ኒውተን ሜትር ይጠብቁ። ወፍራሙ ስፔሰር ከሆነ ስፔሰሩ ራሱ በመጀመሪያ ከሞዞው ጋር አምራቹ ባዘዘው ቁጥር ይጠብቃል፤ ቸርኬው ቀጥሎ ይመጣል።

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ

ከ80 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹ ቀዝቅዘው ሳለ እንደገና በቶርክ ቁልፍ ይፈተሹ። ቡሎን ያለው ስፔሰር ከሆነ ለዚህ ቸርኬው መውለቅ አለበት፤ ከሥሩ ያሉትን ዳዶዎች ከውጭ ማየት ስለማይቻል ይህን የሚዘልሉ ብዙዎች ናቸው። ለጎማ ጥገና ወደ ጎሚስታ የሚሄድ ባለቤትም ስፔሰር እንዳለ አስቀድሞ ይናገር።

አላይመንት የሚሠራው ሞላዎቹ ጥቂት ከተቀመጡ፣ ማለትም ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላ ነው። በዚህ መኪና የኋላው ካምበር፣ ማለትም የጎማው አናት ወደ ውስጥ ማዘንበል፣ መኪናው ሲወርድ ይጨምራል፤ በፋብሪካው ብራቾም ሊስተካከል አይችልም። 25 ሚሊሜትር የወረደ መኪና ከኋላ ወደ 2 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል፤ ይህ ብቻውን ጎማ አይጨርስም። ጎማን የሚጨርሰው ቶ ነው፤ ጎማዎቹ ወደ ፊት ሲታዩ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ። ቶው ተስቶ ካምበሩ ሲጨምርበት የጎማው የውስጥ ጠርዝ በጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ሽቦው ይወጣል፤ ከውጭ የሚታየው ገጽ ግን አዲስ ይመስላል። ከኋላ ቶው በማስተካከያ ቡሎኑ ከዜሮ ጥቂት ወደ ውስጥ ይሁን። ከፊት ለመንገድ 1.5 ዲግሪ ገደማ ካምበርና ዜሮ ቶ ጥሩ ነው፤ ይህን ለማግኘት በስትራቱ የላይኛው ቀዳዳ ቀጠን ያለ የካምበር ቡሎን ይገባል።

የፊት መብራቱ ልክም ይታይ። የፊቱና የኋላው እኩል ካልወረዱ መብራቱ ወይ ወደ መንገዱ ጠልቆ ይወርዳል ወይ የሚመጣውን ነጂ ዓይን ይመታል። ከኋላ የከፍታ መለኪያ ባለባቸው መኪኖች የመለኪያው ዘንግ ከአዲሱ ከፍታ ጋር ይስተካከል። በሁለተኛው ትውልድ ላይ እንደሚገኘው በመስታወቱ ላይ ካሜራ ያላቸው መኪኖች ካሜራው ዳግም መስተካከል እንዳለበት አከፋፋዩ ይጠየቅ።

ሕጉ እንደሚኖሩበት አገር ይለያያል። በጀርመን የምትኖሩ ወገኖች ሞላውም ስፔሰሩም ለመኪናው ዓይነት የተሰጠ የምርመራ ሰነድ እንዳለው ሳታረጋግጡ አትግዙ፤ ሰነዱ በሚጠይቀው ጊዜ መኪናው በቲውፍ ወይም በመሰል መርማሪ ታይቶ ለውጡ በመኪናው ወረቀት መመዝገብ አለበት፤ ያለዚያ የመንገድ ፈቃዱ ሊፈርስ ይችላል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ያለፈቃድ የተለወጠ መኪና ያስቀጣል፤ ሊያዝም ይችላል። በቨርጂንያ መኪናው በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ስለሚያልፍ የሚነካ ጎማና የላላ መገጣጠሚያ በዚያ ይያዛል። በሁሉም አገር ቢሆን ለኢንሹራንሱ ማሳወቅ ይገባል። አዲስ አበባ ለሚነዳው ደግሞ ጭንቁ ከሥር ነው፦ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ከመሬት የሚርቀው 130 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በ30 ከወረደ 10 ሳንቲሜትር ይቀረዋል፤ ይህም በአስፋልት ላይ በየሠፈሩ ለሚሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አይበቃም። ለዚያ መንገድ 15 ሚሊሜትር ይበቃል፤ ስፔሰሩም ከኋላ ብቻ ይሁን።

በመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎሜትር መጨረሻ ላይ ጎማዎቹ ይውለቁና የውስጥ ጎናቸው በእጅ ይዳሰስ፤ የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክም በባትሪ ብርሃን ይታይ። የተፋቀና ያበራ ቦታ ካለ ጎማው በዚያ ያልፋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቀጭኑን ስፔሰር መግጠም ወይም ከፍታውን በ5 ሚሊሜትር መመለስ ያስፈልጋል። አላይመንቱም ከፍታው በተነካ ቁጥር እንደገና ይሠራል።